ከሱሉልታ እስከ አዋሽ፦ ለአደን የሚሆን ጥይትና አረር መምረጥ

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ዳር ሲወጣ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። አረር ማለት ከጥይቱ ተለይቶ ወደ ኢላማው የሚበረው ክፍል ነው፤ ፍጥነቱን የሚነጥቀውም አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ የሚወርደውም ትንሽ ይሆናል። ዝቅተኛ አገር ላይ ኢላማው የተስተካከለ ጠመንጃ ደጋ ላይ ከታሰበው ነጥብ ከፍ አድርጎ ይመታል። በ100 ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም። በ300 ሜትር ግን በሴንቲሜትር የሚለካ ነው።

ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው የአውሮፓና የአሜሪካ አጋዘን አገራችን ውስጥ የለም። በእሱ ቦታ ያሉን ድኩላና የደጋ አጋዘን ናቸው። ለከተማው የሚቀርበው የምኒልክ ድኩላ ነው። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው በመናገሻ ሱባ ደን ይኖራል። ጥድና ወይራው የቆየ ነው፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደለማ ይነገራል። ደኑ ጥብቅ ስለሆነ ድኩላውን እዚያ ማየት እንጂ ማደን አይቻልም። በፈቃድ የሚታደነው በባሌና በአርሲ ባሉ የቁጥጥር አደን ቀበሌዎች ነው። ሥራው የሚመራውም በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፣ ወንዱም እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ እንስሳ ላይ በደካማ ጥይት መተኮስ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥይት አራት ነገር ነው፦ ሁሉን የሚይዘው ቀለህ፣ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል፣ የሚነደው ባሩድና የሚበረው አረር። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ብዙ አዳኝ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ በእጁ መልሶ ይሞላል። ጥቅሙ ባሩዱንና አረሩን ለራሱ ጠመንጃ ልክ መምረጥ መቻሉ ነው። ሁለት ጠመንጃዎች ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡም አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው ላይወደው ይችላል። እኛ ጋ ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት አይቻልም፤ ነገሩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ስለዚህ ጥይት የሚሞሉት ከውጭ የሚመጡ አዳኞች ናቸው፣ ይዘውትም ይመጣሉ። አውሮፕላን ላይ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው የተሞላ ጥይት 5 ኪሎ ነው። ለብቻው የሆነ ባሩድና ካፕሱል በፍጹም አይጫንም። ሰውዬው ቦሌ ከወረደ በኋላ ጥይቱን እንደገና ላስተካክል ቢል አይችልም። ሥራው ያለቀው አገሩ ላይ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። ባሩድ ሙቀት ያውቃል። አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት፣ ግን ሁሉም ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። በብርድ አገር ባሩዱ እስከ መጨረሻው ጣሪያ የተሞላ ጥይት ሱሉልታ ማለዳ ላይ ደህና ይተኮሳል። ያው ጥይት ከሰዓት በኋላ አዋሽ ሸለቆ ወርዶ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ሌላ ነገር ይሆናል። ምልክቱ ይታያል። የካፕሱሉ ጠርዝ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ቀለሁን ለማውጣት የጠመንጃው እጀታ አልነሳ ይላል። ያን ጊዜ መተኮስ ማቆም ነው፣ ሌላ መላ የለውም። አዋቂዎች የባሩድ መጠን ከሚሰጠው የጥይት መሙያ መመሪያ መጽሐፍ ዝቅተኛ ልክ ይጀምራሉ፣ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ፣ ከጣሪያው በፊትም ይቆማሉ። ደጋና ቆላ ለሚወርድ ለሚወጣ ሰው ሙቀት ብዙም የማይለዋውጠው ባሩድ በጥቂቱ ከሚፈጥነው ይበልጣል።

ትክክለኛነትን በሦስት ጥይት መለካት የተለመደ ነው፣ ግን ያታልላል። ሦስት ቀዳዳ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። አሥር ተኩስ ግን የጠመንጃውን እውነተኛ ጠባይ ያሳያል። በ100 ሜትር ሦስት ሴንቲሜትር ውስጥ የሚሰበሰብ ጥይት ለአደን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በታች ለማውረድ የሚባክነው ጊዜ ቢቀር ይሻላል፤ አዳኙ ተንበርክኮና ዛፍ ተደግፎ መተኮስ ቢለማመድበት የበለጠ ይጠቅመዋል።

የአረር ምርጫ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ተራው አረር እርሳስ ሆኖ በስስ መዳብ የተሸፈነ ነው። በቅርብ ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት አጥንት ሲመታ ሊበታተን ይችላል። ደጋ ላይ ፍጥነቱ ብዙም ስለማይወርድ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። ለድኩላ፣ ክብደቱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ስለሆነ፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስት (.30-06) በሚባለው የጥይት ዓይነት በሚተኩስ ጠመንጃ 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም አረር ይበቃል። ለደጋ አጋዘን ግን 180 ግሬን፣ 11.7 ግራም የሚመዝን፣ እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ ወይም በመካከሉ ግድግዳ ያለው አረር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው ኖስለር ፓርቲሽን የዚህ ዓይነት ነው። ፊቱ ይከፈታል፣ ጀርባው ግን ሳይፈርስ ጠልቆ ይገባል።

እኔ የማደላው ሙሉ በሙሉ መዳብ ለሆነው ነው። ምክንያቴ ጥንብ አንሳ ነው። አዳኝ ጫካ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ሆድ ዕቃ ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪ ይቀራል፣ አሞራ ይበላዋል፣ እርሳስም ይመርዘዋል። ጥንብ አንሳ በመላው አፍሪካ እየተመናመነ ነው። መዳብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ክብደቱ እኩል እንዲሆን አረሩ ይረዝማል፣ ረጅም አረር ደግሞ ፈጠን ያለ የበርሜል ጥምዝ ይፈልጋል፤ ጥምዝ ማለት በበርሜሉ ውስጥ ያለው፣ አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ መስመር ነው። የቆየ ጠመንጃ ያለው ሰው ክብደቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል። አደን ሠፈሩ ከደረሰ በኋላም መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይተኩስ። አረሩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሚነካው የጠመንጃውን መነጽር ማስተካከያ ብቻ ነው።