ሐና በየዓመቱ የሠራችው መደረቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እዚህ ሐረር አራስ ልንጠይቅ ስንገባ የምናደርገው ይታወቃል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ወደ ሕፃኑ እንጎነበሳለን፤ ገንፎው ይቀርባል፤ ቀጥሎ በር ላይ ቆሞ የሚያየንን የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ጠርተን «አንተማ ከእንግዲህ ተሽረሃል!» እንለዋለን። ሁላችንም እንስቃለን፤ እርሱ ብቻ አይስቅም። ይህን ቀልድ ብንተወው ደስ ይለኛል።

ስለ እናትነት ሲነገር የሐና ስም መነሣቱ አይቀርም። የሚነሣው ግን ልቅሶዋና ስለቷ ነው፤ በሴሎ ለመነች፣ ሳሙኤልን አገኘች፣ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ከልመናዋ በኋላ ያለውን ፈጥነን እናልፈዋለን። እኔ ልቆይበት የምፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ሐና ከወለደች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ቤቷ መቀመጥ ነው። ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕት ሲወጣ እርሷ ሕፃኑ ጡት እስኪተው አልሄድም አለች፤ ባሏም በሐሳቧ ተስማማ (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። የቀረችው ልጁን ከሰጣት አምላክ በዓል ነው። ሆኖም ማጥባቷ ከአምልኮ እንደ መጉደል አልተቆጠረባትም። ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ከቤተ መቅደስ ርቃ የምትቆይ እናትም «ቅዳሴው ናፈቀኝ፣ ጸሎቴ ተቋረጠ» እያለች ስታዝን እሰማለሁ። ሕፃን እናቱን የሚለያት በጠረኗ፣ በድምፅዋና በደረቷ ሙቀት ነው። እያጠባች አባታችን ሆይ ብትል፣ ውዳሴ ማርያምን ዝግ ባለ ድምፅ ብትደግም፣ ልጁ እርሷንና ጸሎቷን አብሮ ይለምዳል። ፍቅሩ እንደ ጠበቀችው ወዲያው ያልመጣላት እናትም አትደንግጥ፤ ከምጥ ድካምና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ቀስ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ኀዘኑ ሳምንታት አልፎም አልለቅ ካላት ደግሞ ጸበሉንም ትጠመቅ፣ ሐኪም ዘንድም ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መደረቢያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሐና ለሳሙኤል ትንሽ መደረቢያ እየሠራች በየዓመቱ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች እንደ ወለደች ተጽፏል። አምስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉ፤ ስማቸው እንኳ አልተነገረንም። የታላቁ ልብስ ግን የራሱ ቁጥር አለው። መጽሐፉም «በየዓመቱ» አለ እንጂ «ሌሎቹ እስኪወለዱ» አላለም።

የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወደ ሆነው ወደ መኪና ግርግር ሄዶ ለልጁ ልብስ ያሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ ሰፊው ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም፣ የአምናው ልክም ለዘንድሮ አይሆንም። ሐና ግን ልጇን የምታገኘው ለመሥዋዕት ስትወጣ ነው። እንግዲህ በቤት ያሉትን እያጠባችም «ክንዱ የት ደረሰ? ትከሻው ምን ያህል ሰፋ?» ማለቷ አልቀረም። እኛ በአንድ ጣሪያ ሥር እያለን የታላቁ ልክ ይጠፋብናል። ታናሹ በተወለደ ማግስት ትናንት ሕፃን የነበረውን «አንተ ትልቅ ሰው አይደለህ?» እንለዋለን። ልጁ በአንድ ሌሊት አላደገም። ጡት እንደገና ቢጠይቅ፣ ትቶት የነበረውን ፍራሽ ማርጠብ ቢጀምር፣ ክፋት አድርገን አንቁጠርበት፤ ቁጣም ማስፈራሪያም አይመልሰውም። (በሐረር በጅብ ማስፈራራት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ያየ ልጅ ምን ብሎ ይፈራል?) ሕፃኑ ሲተኛ ታላቁን አቅፋችሁ የራሱን ልደት አውሩለት፤ ሲወለድ ማን እንደ ነበረ፣ ክርስትና ማን እንዳነሣው፣ ስንት ሰው እልል እንዳለለት። ይህን ወሬ አይጠግበውም።

ያዕቆብም ለዮሴፍ ልብስ አድርጎለት ነበር፤ ወንድሞቹ በሰላም ሊናገሩት እስኪሳናቸው ድረስ ጠሉት (ዘፍ. 37፥3-4)። ታላቁን ለማባበል ብለን በጆሮው «ከእርሱ ይልቅ የምወደው አንተን ነው» ስንል የያዕቆብን ልብስ እያለበስነው ነው።

አባቶች ሆይ፣ የጠፋው ልጅ አባት ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ አልገባም ባለ ጊዜ ምን እንዳደረገ አስታውሱ፤ ግብዣውን ትቶ ወጥቶ ለመነው (ሉቃ. 15፥28)። እናት ቤተ ክርስቲያን በማትገባበት በዚያ 40 ወይም 80 ቀን ታላቁን እጁን ይዛችሁ ወደ ፈረስ መጋላ፣ ወደ መድኃኔ ዓለም ውጡ። የተጠመቀ ልጅ ነውና አቁርቡት። ሲመለስ ለእናቱ የሚያወራው የራሱ ነገር ይኖረዋል።

በክርስትናው ቀንም ቦታ ስጡት። ጧፉን እርሱ ይያዝ፤ ሕፃኑ ተጠምቆና ሜሮን ተቀብቶ ሲቆርብ እርሱም አብሮ ይቁረብ። ሁለቱ ከአንድ ጽዋ በተቀበሉበት ዕለት ለታላቁ «ወንድምህ ነው» ብሎ ማስረዳት ይቀልላል። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ድግስ ግን ለልጅ አድካሚ ነው፤ እንግዳው ሲበዛ እርሱን የሚይዝ አንድ ዘመድ አስቀድማችሁ መድቡ።

ስለታችሁ ለቁልቢ ገብርኤል ከሆነና ሕፃኑን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ጥላውን ወይም ሻማውን ታላቁ ተሸክሞ ያስገባ። የታኅሣሥ 19 ሕዝብ ብዛት ለአራስ ልጅ የሚከብድ ከመሰላችሁ ለሐምሌ 19 ስለ ማቆየት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ታላቁን ግን ለጎረቤት ትታችሁት አትሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።