ታርጋ መለጠፍ ምንድን ነው? ስድብማ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ሶሺዮሎጂስቶች ሌባን ሌባ አትበሉት ይሉናል፤ ስም እኮ ኪስ አያወልቅም» ብሎ ሲያላግጥ አነበብኩ። ሌላው ደግሞ ሥራው ስለተተቸ ብቻ «ታርጋ ለጠፉብኝ» ብሎ አለቀሰ። ሁለቱም ስተዋል። የመጀመሪያው ግን ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ ሳይቀር ስለማገኘው ይበልጥ ያበሽቀኛል።

ስም ኪስ አያወልቅም፤ እውነት ነው። ያወልቃል ያለ ሰውም የለም። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ኤድዊን ሌመርት እ.ኤ.አ. በ1951 ነገሩን ለሁለት ከፍሎታል። የመጀመሪያው ጥፋት በችግር፣ በእልህ፣ በጓደኛ ግፊት፣ በምንም ይመጣል። ስለዚህኛው የታርጋ መለጠፍ ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ለአጥፊ የሚወጣለት ስም ኋላ ሕይወቱን ምን እንደሚያደርገው የሚያጠናው፣ ብዙም አይጨነቅም። ጉዳዩ ሁለተኛው ነው። ሰውየው ተይዞ ስም ወጥቶለት፣ በር ሁሉ ሲዘጋበት፣ በወጣለት ስም መኖር ሲጀምር የሚመጣው።

እኔ ከመማሪያ መጻሕፍቱ «ስያሜ» ይልቅ የሰፈሩን «ታርጋ» እመርጣለሁ። ታርጋ መኪና አይነዳም፤ ሞተርም አይነካም። ግን አንድ ዓይነት ሁለት ቶዮታ ውሰዱ። አንዱን ቀይ የታክሲ ታርጋ፣ ሌላውን ሰማያዊ የቤት መኪና ታርጋ ስጧቸውና ትራፊክ ፖሊሱ ቀኑን ሙሉ የትኛውን እንደሚያስቆም እዩ። ብዙ የቆመ ብዙ ይከሰሳል። ደግሞ ታርጋ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፤ ጎረቤቴ ካርቶን ላይ ጽፎ ቢለጥፍብኝ ታርጋ አይሆንም። ከስድብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከጀርባው ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ቀጣሪ አለ። (ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ የጎረቤት ካርቶንም ሥራ ያስከለክላል። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

ሶሺዮሎጂስቱ ዊልያም ቻምብሊስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት አለ። በአንድ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት የልጆች ቡድን ተከታተለ። 8ቱ የደህና ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ይፎርፋሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጠጥተው ይነዳሉ፣ ንብረት ያበላሻሉ። 6ቱ የድሃ ልጆች ደግሞ ይደባደባሉ፣ ይሰርቃሉ። በቁጥር የሀብታሞቹ ጥፋት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ከ8ቱ አንድም አልታሰረም፤ ስድስቱ ከፖሊስ እጅ አይወጡም ነበር። ሀብታሞቹ መኪና ስላላቸው ርቀው ሄደው ይጠጣሉ፤ ሲያዙም አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ይላሉ። ድሆቹ የመንገድ ጥግ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ሲያናግሯቸውም ይኮሳተራሉ። እርግጥ 14 ልጆች አገር አይደሉም። ከስድስቱም ሁለቱ በስፖርት ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ገብተው ሰው ሆነዋል። ታርጋ የግንባር ጽሑፍ ነው ያለ የለም።

«ታርጋው ሳይሆን አመሉ ነው መልሶ እስር ቤት የሚያስገባው» ይለኛል ያው አስተያየት ሰጪ። ይሄ ደህና ሙግት ነው። መልሱ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት አለ። እዚያ ዳኛው ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው በገደብ ሲለቀው፣ «ጥፋተኛ» የሚለውን ውሳኔ መዝገብ ላይ ሳያሰፍር ማለፍ ይችላል። ያ ሰው የሥራ ማመልከቻ ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ሲባል «አላውቅም» ብሎ መሙላት ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት 96 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አነጻጸረ። ወንጀለኛ ተብለው የተመዘገቡት በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው የመፈረድ ዕድላቸው ካልተመዘገቡት በለጠ። ዳኛ የሚምረውን በዕጣ አይመርጥምና ልዩነቱ በሙሉ የታርጋ ነው ብዬ አልምልም። የቀድሞ መዝገባቸውን የመሳሰለው ሁሉ ተመዛዝኖም ግን ልዩነቱ አልጠፋም።

እና ሌባን ሌባ በሉት፣ ችሎት ፊት። እኔን የሚያሳስበኝ ቅጣቱን ጨርሶ የወጣው ልጅ ነው። ቀጣሪው ከወንጀል ነፃ የሚል የአሻራ ማስረጃ አምጣ ሲለው ምን ይዞ ይሂድ?