ካፕ ምንድን ነው? የሚጫን ነገር አይደለም

«ድሬዳዋ ያኔ ካፕ ቢኖራት ኖሮ የ1998ቱ ጎርፍ ያን ሁሉ ሰው አይፈጅም ነበር» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁ። ተናጋሪው ከተማዋን ይወዳል፤ ሐሳቡ ግን ሰውን ወደተሳሳተ ተስፋ ይወስዳል።

ካፕ (CAP፣ Common Alerting Protocol) የአጻጻፍ ስምምነት ነው። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲላክ የቱ መረጃ የት ቦታ፣ በየትኛው ቃል እንደሚገባ ይወስናል። የመጀመሪያው እትም በ2004፣ አሁን የምንሠራበት እትም 1.2 ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ።

የድሬ ልጅ ነኝና በባቡር ላስረዳ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። የለገሃር ፉርጎ አዲሱ መስመር ላይ አይገጥምም። እንደ ካፕ ያለ ስታንዳርድ (የጋራ ስምምነት) ማለት ይህ ስፋት ነው። ስፋቱ ግን ፉርጎው ምን እንደጫነ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ጣቢያው ላይ ተቀባይ መኖሩን አይነግርህም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ውሃው ከላይ ከተራራው ወርዶ በከተማዋ መሀል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ የመጣው ሰው በተኛበት ነው፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ሌሊት ለመቅደም ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዝናብ የሚለካ፣ ቁጥሩን አይቶ የሚወስን ተረኛ፣ ወንዙ ዳር ድረስ የሚሰማ ሳይረን ያስፈልጋል። ካፕ በእነዚህ መካከል የተዘረጋ ሐዲድ ነው። ላይ ካልተጫነ ታች የሚራገፍ የለም።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ለሚለኝ፦ አንድ መልእክት አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይዞ ይሄዳል። እኛ «ከባድ ጎርፍ ሊመጣ ነው» ብለን የምንደባልቀውን ለሦስት ይከፍለዋል፦ ምን ያህል ያጣድፋል? ምን ያህል ይጎዳል? ምን ያህል እርግጠኛ ነን? ለመጨረሻው «ሳይሆን አይቀርም» ብለህ ከሞላህ፣ ከ50 በመቶ በላይ ይሆናል ማለትህ ነው። የበረዶ ናዳ ባለሙያዎች ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ በረዶውን ንብርብር በንብርብር መዝግበው የሚለዋወጡበት፣ መነሻው ካናዳ የሆነ የራሳቸው ስታንዳርድ አላቸው። የእኛም የጎርፍ ልኬት እንዲሁ የራሱን ይፈልጋል፤ ካፕ ለማስጠንቀቂያው ብቻ ነው።

ቅጹ በትክክል ተሞልቶም ስህተት ያልፋል። ካፕ ቦታን ሲጽፍ ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ብዙ የካርታ ፋይሎች ግን ኬንትሮስን ያስቀድማሉ። ሳያገላብጡ ከቀዱት የድሬዳዋ ጎርፍ ከኮርሲካ ደሴት በስተምሥራቅ ባሕር ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፋይሉ ውስጥ 02:00 ተብሎ፣ ከነ +03:00 ምልክቱ ይጻፋል። እንቅልፍ የተጫነው ተረኛ እንደለመደው 08:00 ብሎ ከሞላ፣ ፋይሉን የሚፈትሸው ፕሮግራም እንከን አያገኝበትም። ደቻቱ ዳር ያሉት ግን ጎርፉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደሚደርስ ይነገራቸዋል።