ጥሩ ፀባይ ብቻውን በሽተኛ አያድንም፦ ስለ ነርሶችና የጤና ኃላፊዎች ኮሙኒኬሽን በተሳሳተ መንገድ የያዝናቸው ነገሮች

"ኮሙኒኬሽን ማለት ፈገግታና ጥሩ ፀባይ ነው"

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም በጀመረው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ የሚለውን ካስገባ ወዲህ ብዙ ሰው የያዘው ፀባዩን ብቻ ነው። መከባበሩማ የግድ ነው፣ ተመናጭቀው ከሆስፒታል የወጡ እናቶችን ማን ይረሳል። ግን እየሳቅን ያልገባቸውን ነገር ብንነግራቸው ያው አልነገርናቸውም፣ ዋናው የተናገርነው ነገር ሰውየው ጋ ምን ሆኖ ደረሰ የሚለው ነው፣ እሱን ማጣራት ደሞ የሚለመድ ስራ እንጂ አብሮ የሚወለድ ፀባይ አይደለም።

"ገብቶኛል ካለ ገብቶታል"

ኧረ አይደለም! ነጭ ጋዋን ፊት "አልገባኝም" ማለት ይከብዳል፣ ይሉኝታ አለ፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሲስተርም ቸኩላለች፣ ስለዚ ራሱን ነቅንቆ እሺ ብሎ ይወጣል። "ገባዎት?" ሲባል መልሱ ሁሌም አዎ ስለሆነ ምንም አይነግረንም። የሚሻለው መልሰው እንዲነግሩን ማድረግ ነው፣ ያውም ፈተና እንዳይመስል ኃላፊነቱን ወደ ራስ ወስዶ፦ "እማማ፣ በደንብ አስረድቼዎት እንደሆነ ልይ፣ ማታ ልጅዎ ኢንሱሊኑን እንዴት ነው የምትወስጂው ብትልዎ ምን ይሏታል?" እንዲህ ሲጠየቁ ነው እማማ "ጠዋት ጠዋት እወጋለሁ፣ ሁዳዴ ሲገባ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ" የሚሉት። ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ማለት እኮ ስኳራቸው ወርዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፣ "ገባዎት?" ብለን ብንሸኛቸው ኖሮ ይሄ ነገር መች ይወጣ ነበር። ፀበልም እንደዛው ነው፣ ከተቆጣን ይደብቁናል፣ "ፀበሉን እየተጠመቁ መድሃኒቱንም እየወሰዱ ነው?" ብሎ በሰላም ለሚጠይቅ ግን ይናገራሉ።

"ለማዳመጥ ጊዜ የለንም"

ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ የተሰራና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አለ፣ 335 ታካሚዎችን ሳያቋርጡ ሲያዳምጧቸው በአማካይ 92 ሰከንድ ነው ያወሩት፣ 78 በመቶዎቹ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰዋል። የኛ ተመላላሽ ክፍል ሰልፍ ከባዝል ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ፣ ግን እያቋረጥን ዋናውን ነገር በር ላይ ሲደርሱ ከምንሰማው ያቺ ደቂቃ ተኩል ትረክሳለች።

"ቻርት ላይ ፅፌያለሁ፣ ከኔ ወርዷል"

እዚህ አገር አንድ የተለየ ጣጣ አለ፣ እሱም ሰዓት ነው። 6:00 ተብሎ የተፃፈ መድሃኒት በኛ አቆጣጠር ከሆነ ቀን ስድስት ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደሞ ንጋት አስራ ሁለት፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት አንድ ዶዝ መዝለል ወይ ደግሞ መድገም ነው። ስለዚ ተረኛ ሲቀያየር ርክክቡ አልጋው ጋ ቆሞ ይሁን፣ ተረካቢዋም የሰማችውን ጮክ ብላ ትድገመው።

"ዶክተሩን እኔ እንዲህ አድርግ ልለው አልችልም"

ይሄኛው አባባል ሰው ይገድላል። ሌሊት ተደውሎ "ዶክተር፣ አልጋ 7 ያለችው ደህና አልመሰለችኝም" ከተባለ መልሱ "እሺ እመጣለሁ" ነው፣ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ኤስባር (SBAR) የሚባለው የአነጋገር ቅደም ተከተል ለዚህ ነው የመጣው፣ መነሻው የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፣ ኋላ ነው ኮሎራዶ ውስጥ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው የጤና ድርጅት ወደ ህክምና ያመጣው። አራት ነገር ነው፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። "ዶክተር፣ ማዋለጃ ክፍል ተረኛዋ ነርስ ነኝ፣ አልጋ 7 ግፊቷ 80/50 ወርዷል፣ የልብ ምቷ 130 ነው። ከወለደች ሁለት ሰዓቷ ነው፣ እስካሁን ደህና ነበረች። ማህፀኗ አልጠነከረም፣ ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። ማህፀኗን እያሸን ነው፣ ደም ስሯ ላይ ሁለት ላይን ከፍቼ ፈሳሽ ጀምሬያለሁ፣ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩዋት እፈልጋለሁ፣ ደም ላስመጣ?" ይሄ ድፍረት አይደለም፣ ክብርም አልጎደለበትም፣ ተኝቶ የነበረ ሐኪም ግን በአንዴ ያስነሳዋል።

"እኛ ዋርድ የስህተት ሪፖርት ስለሌለ ሰላም ነው"

ይሄ የኃላፊዎቹ ነው። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመድሃኒት ስህተትን ስታጠና የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሲመዘገብባቸው አገኘች፣ ምክንያቱም ብዙ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ኃላፊያቸውን ስለማይፈሩ የሆነውን ስለሚናገሩ ነው። እንግዲህ ማትሮኗ (የነርሶቹ ኃላፊ) ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩ የስህተት ወሬ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁትን ይዩ፣ "ማነው ያደረገው?" ከሆነ ከዛ ቀን ጀምሮ ማንም አይነግራቸውም፣ "በሽተኛው አሁን እንዴት ነው?" ከሆነ ግን ወሬው ይቀጥላል። ሪፖርት ያደረገችውም ልጅ ምን እንደተቀየረ በዛው ሳምንት ይነገራት፣ ካልተነገራት ሁለተኛ አትፅፍም።