የጣሪያ ጭነት ልክ ምንድን ነው? ካያክ በትንሿ ሱዙኪ ላይ

ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ከከተማዋ ዳር ሐይቁ ተኝቷል። ማለዳ ላይ ነፋስ ሳይነሳ ውሃው ጸጥ ይላል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር ከሩቅ ይታያል። ለካያክ እንዲህ የተመቸ ውሃ ደጃችን እያለ ብዙም አለመጠቀማችን ያስቆጨኛል። አንዱ ምክንያት ካያኩን እዚያ ማድረሱ ራሱ ነው።

ካያክ ጠበብና ረዘም ያለ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ጀልባ ነው። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው፣ ከላዩ ላይ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ካያክ 3 ሜትር አካባቢ ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ይሆናል። ፒክአፕ ያለው ሰው ከኋላ ጭኖ ይሄዳል። ትንሽ ሱዙኪ፣ ላዳ ኒቫ ወይም አሮጌዋን ባለሁለት በር ቪታራ የያዘ ሰው ግን የቀረው ጣሪያው ነው። ጣሪያው ላይ ከመጫን በፊት ደግሞ አንድ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ቁጥር የጣሪያ ጭነት ልክ ይባላል። መኪናዋ እየሄደች ሳለ ጣሪያዋ ሊሸከም የሚገባው ከፍተኛው ክብደት ማለት ነው። የሚወስነው አምራቹ ነው፤ የሚገኘውም ከመኪናዋ ጋር በሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለሚመረተው ሱዙኪ ጂምኒ ልኩ 30 ኪሎ ነው። አዎ፣ 30 ኪሎ ብቻ። በዚያ ላይ ፖርቶመጋላው ራሱ ከዚያው ከ30 ኪሎው ውስጥ ነው የሚታሰበው።

ይህን ሲሰማ የማይገረም ሰው አላየሁም። «ጣሪያው ላይ ሁለት ሆነን ወጥተን ቆመናል፣ ምን ሆነ?» የሚል መልስ ይመጣል። ምንም አይሆንም፤ ልክ ነው። የቆመች መኪና ጣሪያ የልኩን ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ጣሪያቸው ላይ ድንኳን ዘርግተው የሚያድሩ ሰዎች አሉ፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ከ100 ኪሎ በላይ ናቸው። ቁጥሩ የተጻፈው ግን ለቆመች መኪና አይደለም።

መኪናዋ ስትንቀሳቀስ 22 ኪሎ ካያክ 22 ኪሎ ሆኖ አይቆይም። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ለቅጽበት የክብደቱን እጥፍ ያህል ጣሪያውን ሊመታው ይችላል። ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ካያኩ 15 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይጎትታል። ነፋሱ ደግሞ የከፋው ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ስትነዱ ምንም ያልተሰማችሁ ካያክ በ80 ስትነዱ አራት እጥፍ ይገፋል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ከታሰረ ደግሞ ነፋሱ ከስር ገብቶ ያነሳዋል። ያን ጊዜ የፖርቶመጋላው እግሮች ወደ ታች መጫናቸው ቀርቶ ወደ ላይ ይነቀላሉ።

ሌላው ጉዳይ ቁመት ነው። ጂምኒ ቁመቷ 1.72 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ደግሞ 1.645 ሜትር ነው። ቁመቷ ከወርዷ ይበልጣል ማለት ነው። ባዶዋን ስትመዘን 1,100 ኪሎ አካባቢ ስለሆነች 30 ኪሎ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የሚቀመጠው ግን ከሁሉም በላይ ጫፍ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የምትኖሩ ይህ በተለይ ይመለከታችኋል። ወደ ሐይቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት መውጣት አለባችሁ፤ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ድረስ። መውጣቱ በዝግታ ስለሆነ ብዙም አያስፈራም። ማታ ደክሟችሁ ያንኑ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ነው ከላይ ያለው ክብደት መኪናዋን ወደ ኩርባው ውጪ የሚያዘነብላት። በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው።

ፖርቶመጋላው የሚበላው ኪሎ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በካያኩ ሳይሆን በፖርቶመጋላው ነው።

እኛ ጋ ፖርቶመጋላ ሲፈለግ ብየዳ ቤት ይኬዳል። በያጁ አር ኤች ኤስ የሚባለውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት ይቆርጣል፣ ዙሪያውን ይሠራል፣ መሃሉን በመስቀለኛ ይሞላል፣ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ጠንካራና የሚያምር ሥራ ይወጣዋል። አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ጎኑ 25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አር ኤች ኤስ በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንዱ የ6 ሜትር ዘንግ 6.6 ኪሎ መሆኑ ነው። ዙሪያ፣ መስቀለኛና እግር ተደምሮ 15 ሜትር ብረት ከወሰደ ከ16 ኪሎ በላይ ይሆናል። ከስር ላሜራ ወይም ወንፊት ከተበየደበት 20 ኪሎ ይጠጋል። ከ30 ኪሎው የቀረው 10 ነው። 10 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ ለአዋቂ የሚሆን ጠንካራ የፕላስቲክ ካያክ ደግሞ ማግኘት ይከብዳል።

ለካያክ ሙሉ ፖርቶመጋላ አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት ሁለት አግዳሚ ዘንጎችና አራት እግሮች ብቻ ናቸው። ከአሉሚኒየም ከተሠሩ አራቱ እግሮች ተጨምረው 5 ወይም 6 ኪሎ ይሆናሉ። 22 ኪሎ ካያክ ሲጨመርበት 28 ይመጣል። ገባ! ብረት ብቻ ከተገኘም በያጁን «ሁለት ዘንግ ብቻ ሥራልኝ» ማለት ይቻላል። በያጁ ቅር ሊለው ይችላል፤ ባዶ የሚመስል ሥራ ነውና። እኔ ግን የሚያምረው ፖርቶመጋላ ቀርቶ ሁለቱ ዘንግ ይሻላል ባይ ነኝ።

የተሠራውን ሳትመዝኑ አትግጠሙ። እህል ቤት ያለው ሚዛን በቂ ነው። ካያኩንም እዚያው መዝኑት፤ ሻጩ የነገራችሁ ክብደት ወንበሩን ላይጨምር ይችላል።

«ታዲያ ሚኒባሱ ያን ሁሉ ፍራሽና ጆንያ እንዴት ይሸከማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚኒባስ ጣሪያ ረጅም ነው፤ ፖርቶመጋላውም በግራና በቀኝ ብዙ እግር አለው፤ ጭነቱ ይከፋፈላል። የትንሿ ሱዙኪ ጣሪያ አጭር ነው፤ እግሩም አራት ብቻ። ደግሞም ሚኒባስ ላይ የሚጫነው ሁሉ በልኩ ነው ማለት አይደለም።

ጣሪያው ከምን ተሠራ?

ሃርድቶፕ ሲባል ጠንካራ ጣሪያ ያለው ማለት ነው፤ ሸራ ያልሆነ። ግን ሁሉም ጠንካራ ጣሪያ አንድ አይደለም።

አንደኛው ከአካሉ ጋር የተበየደ የብረት ጣሪያ ነው። የቆዩት ሱዙኪዎችም አዲሱ ጂምኒም እንዲህ ናቸው። በጎንና ጎን የዝናብ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ አላቸው። የፖርቶመጋላው እግር የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ከአሸንዳው ወደ በሩ ምሰሶዎች፣ ከዚያም ወደ አካሉ ይወርዳል። መሃል ጣሪያው ላይ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ ምንም አይሸከምም፤ ሊሸከምም አይገባም። የቆየች መኪና ከሆነች አሸንዳው ውስጥ ዝገት እንዳለ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጋችሁ እዩ። ቀለሙ አብጦ ከሆነ ስሩ ተበልቷል፤ እዚያ ላይ እግር አይቆምም።

ሁለተኛው በብሎን ታስሮ የሚነሳ የፋይበርግላስ ጣሪያ ነው። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ፋይበርግላስ የተሠራው ዝናብና ነፋስ እንዲከላከል እንጂ እንዲሸከም አይደለም። ከተበሳ በቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውሃ ያስገባል። ለአንዳንዶቹ አምራቹ ጭራሽ አትጫኑ ይላል። መፍትሔው ጣሪያውን የማይነካ፣ እግሩ ወርዶ ዋናው አካል ወይም ሻንሲ ላይ የሚታሰር ፍሬም ነው። እሱ ደግሞ ከባድ ነው፤ በቁመት ላይ ያነሳሁት ችግር አብሮት ይመጣል።

አስተሳሰሩ

የትንሽ መኪና ጣሪያ አጭር ስለሆነ ሁለቱ ዘንጎች ይቀራረባሉ። 3 ሜትር ካያክ ተቀራራቢ ዘንጎች ላይ ሲቀመጥ ጫፎቹ በነፋስ ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ዘንጎቹን ጣሪያው የፈቀደውን ያህል አራርቁ። ካያኩን ገልብጡት፤ ሆዱ ወደ ላይ ይሁን። ሲገለበጥ ጠርዙ ዘንጉ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል፣ ዝናብም አያጠራቅምም። ዘንጉ ላይ ስፖንጅ ጠምጥሙ።

ማሰሪያው ጠፍጣፋ ቀበቶ ቢሆን ይመረጣል። በእጅ ስቦ በዘለበት የሚያዘው ዓይነት ይበቃል። እጀታውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረጉ የሚያጠብቁት፣ የከባድ መኪና ጭነት የሚታሰርበት ዓይነት ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ የካያኩን ሆድ ያጎደጉዳል። በተለይ ቀትር ላይ፣ በኮምቦልቻ ፀሐይ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ። ቀበቶው በካያኩ ላይ ያልፋል፣ በዘንጉ ስር ይዞራል፣ ተመልሶ በካያኩ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ በመነሻው በኩል በዘንጉ ስር አልፎ ዘለበቱ ውስጥ ገብቶ ይሳባል። ከመሳቡ በፊት አንዴ ጠምዘዝ ይደረጋል፤ ካልተጠመዘዘ በነፋስ እየተርገበገበ ያፏጫል። ሲያልቅ ካያኩን ይዛችሁ ነቅንቁት። መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች በቂ ነው። ካያኩ ብቻውን ከተነቃነቀ እንደገና።

ከመነዳሪ ቀዶ ማሰር ለብስክሌትና ለሞተር የለመድነው ነው። ለካያክ ግን ዋና ማሰሪያ አይሆንም፤ ጎማ ይለጠጣል፣ ነፋሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የናይለን ገመድም የደሴ ጉምና ካፊያ ሲያርሰው ይላላል። ቤት ውስጥ የጠበቀው ከተማውን ሳይወጣ ይረግባል። ስለዚህ በምንም ብታስሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዳር ይዛችሁ ቁሙና በእጃችሁ ሞክሩት።

ከሁለቱ ቀበቶ ሌላ ከካያኩ አፍንጫና ከጭራው የሚወርዱ ሁለት ገመዶች ያስፈልጋሉ። የፊቱ ከፓራውልቱ ስር ካለው መጎተቻ ቀለበት ይታሰራል፤ የኋላውም እንደዚሁ፣ ስኮርታው ጋ ሳይሆን ከስር ካለው ቀለበት። ዘንጎቹ በተቀራረቡባት ትንሽ መኪና እነዚህ ሁለቱ ገመዶች የግድ ናቸው። አንድ እግር ቢነቀል ካያኩን ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። የፊቱ ገመድ ሌላም ጥቅም አለው፤ እየነዳችሁ ታዩታላችሁ። መወዛወዝ ከጀመረ አንድ ነገር ላልቷል ማለት ነው። የተረፈውን ጫፍ በደንብ ቋጥሩት፤ ተፈትቶ ከጎማ ስር ከገባ ካያኩን ጎትቶ ያወርደዋል።

3 ሜትሩ ካያክ ከመኪናዋ ርዝመት ብዙም አይወጣም። ከ4 ሜትር በላይ የሆነውን ግን ለእንዲህ ያለ መኪና አልመክርም። የኪሎው ነገር ቢመጣ እንኳ ጫፎቹ በፊትም በኋላም አልፈው ይሄዳሉ። ከኋላ ከወጣ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት።

የመመሪያው ቁጥር ያልበቃው ሰው በአየር የሚነፋ ካያክ ይፈልግ። ከ10 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናል፤ ተጣጥፎ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጣሪያውም ምንም አይነካም። ሲቀዝፉት እንደ ጠንካራው አይፈጥንም፣ ነፋስም በቀላሉ ይወስደዋል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በየትኛውም ካያክ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት አይገባበትም።

ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ ካያኩን አንሱና ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ነቅንቁት። ከላይ የሚቀመጡበት ካያክ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በብሎኖቹና በክዳኑ በኩል ውሃ ይገባዋል። 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው። ጠዋት 28 ኪሎ የነበረው ጭነት ማታ 33 ሆኖ ከልኩ አልፏል፤ ውሃውም በየኩርባው ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። ጭራው ላይ ያለውን ቡሽ ነቅላችሁ፣ አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ፣ ጠብታው እስኪያልቅ አፍስሱት። ከዚያ ጫኑ።