በዘር የሚታይ የአራስነት ልዩነት ሲባል ምን ማለት ነው?

በደብረ ብርሃን በምናደርገው የእናቶች ውይይት ላይ፣ በአሜሪካ ጥቁር እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይበልጥ ይሞታሉ ሲባል «ታዲያ ደማችን ደካማ ነው ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሣ፣ ነገሩን ላብራራ። በዘር የሚታይ የአራስነት ልዩነት የምንለው፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ የተለያየ ዘር ባላቸው እናቶች መካከል የሚታየውን የጤናና የሞት ልዩነት ነው።

እርግጡ ይህ ነው፦ በዚያች አገር በ2021 እ.ኤ.አ. በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 69.9፣ ነጮቹ ደግሞ 26.6 ነበሩ። ቁጥሩ የልዩነቱን ስፋት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

እኩል ጤነኛ የሆኑ ሁለት አራሶችን እናስብ፤ አንዷ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አጠገብ፣ ሌላዋ ከመንዝ ገደሎች በአንዱ ሥር ትኖራለች። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን እና በ6ኛው ሳምንት መታየት ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የመንዟ እናት በሌሊት ደም ቢፈሳት ሕይወቷን የሚያሰጋው መንገዱ እንጂ ደሟ አይደለም። በአሜሪካም የመንገዱን ቦታ የሚይዙት የጤና መድን ማጣት፣ ያለ ደመወዝ የሚሰጥ የወሊድ ፈቃድና፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ፣ ሕመሟን ስትናገር የሚያዳምጣት ሰው ማጣት ናቸው።

የሚለያየው የእያንዳንዷ ፍላጎት ነው፤ አንዷ ጡት ለማጥባት እገዛ፣ ሌላዋ የደም ግፊት ክትትል ያስፈልጋታል፤ ይህን ደግሞ ከዘሯ መገመት አይቻልም፣ ራሷን መጠየቅ እንጂ።