ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው

በሚያዝያ ቀትር ባሕር ዳር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የተቀመጠ ሰው፣ ሙቀት መከላከያ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። ግራ የሚያጋባው የመከላከያውን ጥራት የሚነግረን ቁጥር ነው።

"ሙቀት አስተላላፊነት" ሙቀት በዕቃው ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ይለካል። ስለዚህ ሲያንስ ይሻላል። የኮንክሪት ቁጥር (በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለካ) ከ1 በላይ ነው። የፎገራ ሩዝ ሲፈለፈል የሚቀረው ገለባ ግን 0.05 አካባቢ ነው። እስኪ እፍኝ ዘግናችሁ እዩት። እያንዳንዷ ገለባ እንደ ታንኳ ጎድጎድ ያለች ናት፤ አየር ትይዛለች። ሥራውን የሚሠራው ይህ የታሰረ አየር ነው፤ የረጋ አየር 0.026 ገደማ ብቻ ነው። ሰጋቱራም በዚሁ ምክንያት ይሆናል። የኮንክሪት ፍርስራሽ ግን ድፍን ስለሆነ ብዙም አይረዳም።

"የሙቀት መቋቋም" የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የተነሰነሰው ንብርብር ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያግድ ይናገራል። ውፍረቱን በሜትር ወስዳችሁ ለአስተላላፊነቱ ቁጥር ታካፍላላችሁ። 10 ሳንቲ ሜትር ገለባ፣ 0.1 ለ0.05 ሲካፈል 2 ይመጣል። ይሄኛው ሲበዛ ነው የሚሻለው። ሰው የሚምታታበትም እዚህ ጋ ነው።

አደራ፣ ገለባውን ኮርኒስ ላይ ከመነስነሳችሁ በፊት የቆርቆሮውን ቀዳዳ ድፈኑ። የውሃ አስተላላፊነት 0.6 ገደማ ነው፤ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። በሐምሌ ዝናብ የራሰ ገለባ መከላከሉን ይተዋል፣ ይሻግታልም። ከኤሌክትሪክ ሽቦም አርቁት።